ግዕዝን ደጅ የጠኑ የባዕድ አገር ቄስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በአንድ የሰንበት ጉባኤያችን የይሁዳ መልእክት እየተነበበ ሳለ ቁጥር 14 ላይ ደረስን። ሐዋርያው ከአዳም ሰባተኛ የሆነውን የሄኖክን ትንቢት የሚጠቅስበት ነው። ከማዕከላውያን ክፍል አንድ ታናሽ ወንድማችን እጁን አነሣና፥ «ይህ የሄኖክ ትንቢት በእኛ መጽሐፍ አለ ሲባል እሰማለሁ፤ ምዕራፉ የትኛው ነው? ሌላስ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀ።

እኛ ታላላቆቹ እርስ በርሳችን ተያየን። መጽሐፈ ሄኖክ ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው ሰማንያ አሐዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከሌሎች ጋር ስንከራከርም በኩራት እንጠቅሰዋለን። ገልጦ ያነበበው ግን ከመካከላችን አንድም አልተገኘም። «በሚቀጥለው ሳምንት እንመልስልሃለን» ብለን ጉባኤውን ዘጋን።

በሳምንቱ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ የምንማረው ጥቂቶቻችን ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደን ስንፈልግ ያገኘነው በእንግሊዝኛ የተተረጐመ መጽሐፈ ሄኖክ ነበር። የታናሽ ወንድማችንን ጥያቄ መልስ በምዕራፍ 1 ቁጥር 9 አነበብነው። ደስም አለን፥ አፈርንም፤ የአባቶቻችንን መጽሐፍ በባዕድ ቋንቋ፥ ከባዕድ ሰው እጅ ተቀብለናልና። በሽፋኑ ላይ የተጻፈው ስም ሮበርት ሄንሪ ቻርልስ ይላል። እኒህ ሰው ማን ናቸው? እኛ ያላወቅነውን እንዴት ሊያውቁ ቻሉ? የሚለው ጥያቄ ይህን ትምህርት እንድናዘጋጅ አደረገን። የልዩ አቆጣጠር ምልክት ካላደረግንበት በቀር ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

1. ልደታቸውና የክህነት አገልግሎታቸው

ሮበርት ሄንሪ ቻርልስ በ1855 ዓ.ም. በሰሜን አየርላንድ ኩክስታውን በምትባል ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በቤልፋስት ከዚያም በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተከታተሉ። በ1883 ዓ.ም. አንግሊካን በምትባለው በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የክህነት አገልግሎት ጀመሩ።

የመጀመሪያ ምድባቸው በለንደን ምሥራቃዊ ክፍል በዋይትቻፕል ነበር። ይህ ሰፈር በዚያ ዘመን የድሆች፥ የቀን ሠራተኞችና ከየአገሩ የተሰደዱ ሰዎች መጠጊያ ነው። ቀጥሎም በኬንሲንግተንና በኬኒንግተን አጥቢያዎች ረዳት ቄስ ሆነው እስከ 1889 ዓ.ም. ድረስ አገለገሉ። እንግዲህ ይህን ልብ እንበል፤ እኒህ ሰው ዕድሜያቸውን ሁሉ በመጽሐፍ ክምር መካከል ያሳለፉ ሊቅ ብቻ አልነበሩም። ስድስት ዓመት ያህል ምእመናንን እየጐበኙ፥ ሕፃናትን እያጠመቁ፥ ሙታንን እየቀበሩ ኖረዋል።

ከዚያ ጤናቸው ታወከ። የአጥቢያ አገልግሎታቸውን ትተው ለማረፍ ወደ ጀርመን አገር ሄዱ። በዚያ ቆይታቸው በብሉይና በሐዲስ ኪዳን መካከል ባለው ዘመን አይሁድ ስላነበቧቸውና ስለጻፏቸው መጻሕፍት የሚደረገው ጥናት ልባቸውን ሳበው። ጥያቄአቸውም ይህ ነበር፤ ጌታችን ባስተማረበት ወራት ሕዝቡ ስለ ትንሣኤ ሙታን፥ ስለ ፍርድ ቀን፥ ስለ መላእክት፥ ስለ ሰው ልጅ ምን ይጠብቅ ነበር? ከብሉይ ኪዳን መጨረሻ እስከ ሐዲስ መጀመሪያ ያለውን ዘመን ባዶ ዘመን አድርገው የሚቈጥሩ ብዙዎች ነበሩ። እርሳቸው ግን ባዶ አለመሆኑን ተረዱ። ለዚህም ምስክር የሚሆነው ዋናው መጽሐፍ ሄኖክ ነው፤ ሄኖክ ደግሞ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው በአንድ ቋንቋ ብቻ፥ በግዕዝ ነው።

እንግዲህ ቄስ ቻርልስ ምርጫ አልነበራቸውም። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናቸው፥ ከሕመም ገና ያገገሙ ሰው ተቀምጠው ሀ ሁ ሂ ቈጠሩ። በ1891 ዓ.ም. ኑሮአቸውን ወደ ኦክስፎርድ አዛወሩ፤ በ1893 ዓ.ም. ገና አርባ ዓመት ሳይሞላቸው የመጽሐፈ ሄኖክን ትርጕም ከማብራሪያ ጋር አሳተሙ።

2. ከእርሳቸው በፊት የነበሩ ደካሞች

ቄስ ቻርልስ የመጀመሪያው አልነበሩም። በአውሮፓ የመጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ቃል ለብዙ መቶ ዓመታት ጠፍቶ ኖሮ ነበር። የስኮትላንድ ሰው የሆነው ጀምስ ብሩስ በጎንደር ቆይቶ በ1773 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲመለስ ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ብራናዎችን ይዞ ሄደ። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ፤ አንዱም በኦክስፎርድ ቦድልያን ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ።

ብራናዎቹ አውሮፓ ከገቡ በኋላም ሙሉው ቃል በእንግሊዝኛ እስኪተረጐም ድረስ 48 ዓመት አለፈ። ሥራውን የፈጸሙት ሪቻርድ ሎረንስ ናቸው። እርሳቸውም እንደ ቄስ ቻርልስ የአንግሊካን ካህን፥ በኦክስፎርድም የዕብራይስጥ ፕሮፌሰር ነበሩ። በ1819 ዓ.ም. ዕርገተ ኢሳይያስን፥ በ1821 ዓ.ም. መጽሐፈ ሄኖክን ከግዕዝ ተርጕመው አሳተሙ። ኋላም በአየርላንድ የካሸል ሊቀ ጳጳስ ሆኑ።

ቀጥሎ የተነሡት ጀርመናዊው አውጉስት ዲልማን አምስት ብራናዎችን አነጻጽረው የግዕዙን ንባብ በ1851 ዓ.ም. አሳተሙ። የግዕዝ ሰዋስው በ1857፥ የግዕዝ መዝገበ ቃላት በ1865 ዓ.ም. አወጡ፤ እነዚህም ለአውሮፓ የግዕዝ ተማሪዎች መሠረት ሆኑ። እንግዲህ ሎረንስ የጀመሩትን ዲልማን አስፋፉት፥ ዲልማን ያስፋፉትን ቻርልስ ተቀበሉ። በአገራችንም የቅኔውም ሆነ የመጽሐፉ ትምህርት የሚተላለፈው እንዲህ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በመቀባበል አይደለምን?

3. ብራናን ከብራና ማነጻጸር

የቄስ ቻርልስ ትልቁ የግዕዝ ሥራ በ1906 ዓ.ም. በኦክስፎርድ የታተመው የመጽሐፈ ሄኖክ የግዕዝ ንባብ ነው። ለዚህ ሥራ ሃያ ሦስት ብራናዎችን አነጻጸሩ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለታናናሾቻችን ትንሽ እናብራራው።

ማተሚያ ባልነበረበት ዘመን መጽሐፍ የሚባዛው በእጅ ነው። ቁም ጸሓፊው ፊቱ ያለውን ብራና እያየ በብርዕ ይገለብጣል። ነገር ግን ሰው ነውና ይደክማል። ሁለት መስመሮች በአንድ ዓይነት ቃል ሲያልቁ ዐይኑ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ይዘልና በመካከል ያለው ቃል ይቀራል። አንዱን ፊደል በሌላው ይተካል። በዳር የተጻፈ ማብራሪያ የንባቡ ክፍል መስሎት ከውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ ብራና የሚገለብጠው ሁለተኛው ጸሓፊ የፊተኛውን ስሕተት ይወርሳል፥ የራሱንም ይጨምራል። ስለዚህ የቀደመውን ንባብ ለማግኘት የሚሻ ሰው ብዙ ብራናዎችን ጐን ለጐን አድርጎ በየቃሉ ማየት ይኖርበታል።

ሄኖክ 108 ምዕራፎች አሉት። በሃያ ሦስት ብራና ሲሰላ ከሁለት ሺህ አራት መቶ በላይ ምዕራፍ በየቃሉ ማየት ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚረዳ መሣሪያ የለም፤ ዐይን፥ እጅና ትዕግሥት ብቻ! በዚህ ድካም ቄስ ቻርልስ ብራናዎቹን በሁለት ወገን ለዩአቸው። አንደኛው ጥቂት የሆኑት የቀደመውን ንባብ የያዙ ብራናዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ብዙዎቹ፥ በኋላ ዘመን በአገራችን ሊቃውንት ታርመው የተስተካከሉ ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ የተነሡ አጥኚዎችም ይህን አከፋፈል በመሠረቱ ተቀብለውታል።

ሌሎቹንም የግዕዝ ሥራዎቻቸውን እንመልከት። መጽሐፈ ኩፋሌን ከአራት ብራናዎች አነጻጽረው የግዕዙን ንባብ በ1895 ዓ.ም.፥ ትርጕሙን በ1902 ዓ.ም. አሳተሙ። ዕርገተ ኢሳይያስን በ1900 ዓ.ም. አወጡ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ የግብፁን ኤጲስ ቆጶስ የዮሐንስ ዘኒቅዩስን የታሪክ መጽሐፍ ከግዕዝ ወደ እንግሊዝኛ መለሱ። ይህ መጽሐፍ ዐረቦች በሰባተኛው መቶ ዓመት ግብፅን ስለ መያዛቸው በዘመኑ ቅርብ በሆነ ሰው የተጻፈ ታላቅ ምስክር ነው። የመጀመሪያው ቅጂ ጠፍቷል፤ ከዐረብኛ የተተረጐመበት ዐረብኛውም ጠፍቷል፤ ዛሬ ያለው በ1602 ዓ.ም. ወደ ግዕዝ የተመለሰው ብቻ ነው። ግብፃውያን የራሳቸውን ታሪክ ለማንበብ ወደ ግዕዝ ይመጣሉ ማለት ነው!

4. የፕሮፌሰርነት ዘመናቸውና ፍጻሜአቸው

ከ1898 እስከ 1906 ዓ.ም. ድረስ ቄስ ቻርልስ በተማሩበት በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የመጽሐፍ ቅዱስ ግሪክኛ ፕሮፌሰር ነበሩ። ቀጥሎም በኦክስፎርድ አስተማሩ። በ1906 ዓ.ም. የብሪታንያ የሊቃውንት አካዳሚ አባል ሆኑ። በ1913 ዓ.ም. ከሌሎች ብዙ ሊቃውንት ጋር ያዘጋጁት፥ በሁለት ትላልቅ ጥራዞች የወጣው የብሉይ ኪዳን ዘመን መጻሕፍት ስብስብ ታተመ። ሄኖክና ኩፋሌም በዚህ ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ።

በዚያው ዓመት በለንደን የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ካህናት ጉባኤ አባል ሆኑ፤ በ1919 ዓ.ም. የዌስትሚንስተር ሊቀ ዲያቆናት ተብለው ተሾሙ። በእነርሱ ሥርዓት ይህ ማዕርግ ለቄስ የሚሰጥ ነው። በ1920 ዓ.ም. ሃያ አምስት ዓመት ያህል የደከሙበት የዮሐንስ ራእይ ማብራሪያቸው በሁለት ጥራዝ ወጣ። በ1925 ዓ.ም. የብሪታንያ አካዳሚ ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ያቋቋመውን ሜዳይ የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆነው ተቀበሉ። በ1929 ዓ.ም. በትንቢተ ዳንኤል ላይ የጻፉትን ማብራሪያ አሳተሙና በ1931 ዓ.ም. በ75 ዓመታቸው ዐረፉ።

5. ከእርሳቸው የምንለይበት

ይህን ሁሉ አጥንተን ለጉባኤው ስናቀርብ ከመካከላችን አንድ ወንድም ተነሥቶ፥ «የእኛ እምነት ተከታይ ያልሆነ ሰው የተረጐመውን ስለ ምን እናነባለን? ሰውየው ሄኖክን ከቅዱሳት መጻሕፍት አይቈጥሩም፤ ታዲያ ምን ሊያስተምሩን ይችላሉ?» አለ። ክርክሩም ጠነከረ። ጥያቄው ከቅንዓት የመጣ ስለሆነ በዝምታ አናልፈውም።

እውነት ነው፤ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሄኖክንና ኩፋሌን ከመጽሐፍ ቅዱስ አትቈጥርም። ቄስ ቻርልስም መጽሐፈ ሄኖክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት ሁለት መቶ ዓመታት ገደማ በልዩ ልዩ ሰዎች የተጻፉ ክፍሎች ስብስብ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ቅዱስ መጽሐፍ አድርጋ ተቀብላዋለች፤ ጸሓፊውንም ነቢዩ ሄኖክ ትለዋለች። በዚህ አንስማማም።

ሌላም ጕድለት አለባቸው። የተቸገሩበትን ንባብ ሁሉ «ተበላሽቷል» ብለው ለማቃናት ይቸኩሉ ነበር። ቍጥሮችን ከቦታቸው አንሥተው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራሉ። በዮሐንስ ራእይ ማብራሪያቸውም መጽሐፉን ያልተረዳ አንድ ደቀ መዝሙር ቅደም ተከተሉን አዛብቶታል ብለው ብዙ ቦታ ለውጠዋል። በዚህም ከአገራቸው ሊቃውንት ሳይቀር ወቀሳ ደርሶባቸዋል። የእኛ የመጻሕፍት መምህራን አስቸጋሪ ንባብ ሲገጥማቸው ንባቡን እንዳለ አክብረው «አንድም» እያሉ ትርጓሜውን ያበዛሉ እንጂ ቃሉን ከቦታው አይነቅሉም። ይህ ትልቅ ጥበብ መሆኑን የቄስ ቻርልስ ስሕተት አስታወሰን።

ሆኖም የዚያን ቀን ክርክሩን የፈጸመው የእኛ ንግግር አልነበረም። የግዕዝ መምህራችን የኔታ ከኋላ ተቀምጠው ሲሰሙ ቈይተው የግዕዙን መጽሐፈ ሄኖክ አስመጡና ምዕራፍ 46ን ገለጡ። መጽሐፉን ለተከራካሪው ወንድማችን ሰጥተው፥ «በል ልጄ፥ ይህን አንብብና ተርጕምልኝ፤ ከዚያ ከሰውየው ጋር ትከራከራለህ» አሉት። ወንድማችን ፊደሉን አነበበ። ትርጕሙ ግን አልመጣለትም፤ ለእኛም አልመጣልንም። የኔታ አልተቈጡም። «ያላነበቡትን መጽሐፍ መጠበቅ ሣጥኑን መጠበቅ ነው» ብለው ብቻ ዝም አሉ።

6. ከመሬት የተነሣ ምስክር

ቄስ ቻርልስ ከዐረፉ ከ16 ዓመት በኋላ፥ በ1947 ዓ.ም. በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ጥንታውያን ጥቅሎች መገኘት ጀመሩ። በ1952 ዓ.ም. ከተገኘው ከአራተኛው ዋሻ በአራማይስጥ የተጻፉ የመጽሐፈ ሄኖክ ቍርጥራጮች ወጡ፤ እነዚህም የ11 ቅጂዎች ቅሪት ናቸው። በ1976 ዓ.ም. ሚሊክ በተባሉ ሊቅ ታትመው ወጡ። መጽሐፈ ኩፋሌም በዕብራይስጥ በብዙ ቅጂ ተገኘ። ቄስ ቻርልስ የኩፋሌ የመጀመሪያ ቋንቋ ዕብራይስጥ ነው ብለው አስቀድመው ጽፈው ስለነበር የተናገሩት ተረጋገጠ።

ለእኛ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፉት ቍርጥራጮች ከግዕዙ ጋር ሲነጻጸሩ በተገኙባቸው ክፍሎች የግዕዙ ትርጕም የጥንቱን መጽሐፍ ጠብቆ ማቈየቱ ታየ። በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት፥ ከዚያም በየገዳማቱ ከዘመን ወደ ዘመን እየገለበጡ ያስተላለፉት ስማቸው ያልተጻፈ አባቶቻችን የታመኑ ነበሩ። በቁምራን ያልተገኘው ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍልማ እስከ ዛሬ ሙሉው ቃል ያለው በግዕዝ ብቻ ነው።

የሚያሳዝነውንም አንሰውር። ቄስ ቻርልስ ከተጠቀሙባቸው ብራናዎች የብሪቲሽ ሙዚየም ንብረት የነበሩ ይገኙበታል። ያ ሙዚየም ከነበሩት የግዕዝ መጻሕፍት 350 ያህሉ በ1868 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሠራዊት መቅደላን ከያዘ በኋላ ከዐፄ ቴዎድሮስ የመጻሕፍት ስብስብ የተወሰዱ ናቸው። ዛሬ በብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ስለዚህ የምሁሩ ድካም ቢመሰገንም መጽሐፎቹ እንዴት ባሕር እንደ ተሻገሩ መዘንጋት አይገባም። ይህ ግን ለእኛ ስንፍና ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ከመቅደላ ያልተወሰደው ግዕዝ ዛሬም በደጃችን ነውና።

7. እንግሊዝኛው የማይሰጠን

በእንግሊዝኛው ትርጕም ከምዕራፍ 37 እስከ 71 «የሰው ልጅ» የሚል ስም ደጋግሞ ይገኛል። እንግሊዝኛው ሁሉንም በአንድ ቃል ያልፈዋል። የኔታ ከግዕዙ ሲያሳዩን ግን ሦስት ልዩ ልዩ አነጋገር ሆኖ አገኘነው። በምዕራፍ 46 «ወልደ ሰብእ» ይላል፤ በምዕራፍ 71 «ወልደ ብእሲ» የሚል አለ፤ በምዕራፍ 62 ደግሞ «ወልደ እጓለ እመሕያው» ይላል። ቄስ ቻርልስም ልዩነቱን አስተውለው በማብራሪያቸው ጽፈውታል፤ በእንግሊዝኛ ግን ሊያሰሙት አልቻሉም።

«እጓለ እመሕያው» የሕያዋን እናት ልጅ ማለት ነው፤ የሕያዋን እናት የተባለችው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ሔዋን ናት። እንግዲህ «ወልደ እጓለ እመሕያው» ሲባል የሔዋን ዘር፥ የሰው ሁሉ ወገን የሆነውን ያሳስባል። በግዕዙ ወንጌል ጌታችን ራሱን የሚጠራበትም ስም ይኸው ነው። በቅዳሴ ጊዜ ወንጌል በግዕዝ ሲነበብ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል? በጆሮአችን አልፎ ሄደ እንጂ ከሄኖክ ጋር እንደሚገናኝ አላስተዋልንም። የባዕዱ ቄስ ብዙ ደክመው የደረሱበትን ደጅ እኛ ከሕፃንነታችን ጀምሮ በቆምንበት ሳንከፍተው ቀረን።

8. ምን እናድርግ?

ከዚህ ሕይወት እኛ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ ወርሶ መያዝና ተምሮ መያዝ ይለያያሉ። አባቶቻችን መጽሐፉን ጠብቀው ሰጡን፤ ማንበቡ የእኛ ዕዳ ነው። ይህን ስንል ሁሉ ከባዕድ ይመጣል ማለታችን አይደለም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ተቀብለው ዕድሜያቸውን ሁሉ ደከሙበት፤ ሳይታተም ስላረፉ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በእኛ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ይህ በሦስት ትውልድ የተፈጸመ ሥራ ነው። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያዊው ሊቅ ኤፍሬም ይስሐቅ መጽሐፈ ሄኖክን እንደ ገና ወደ እንግሊዝኛ ተርጕመው አሳተሙ፤ የተመሠረቱትም በጣና ሐይቅ ከክብራን ገዳም በሆነ በ15ኛው መቶ ዓመት ብራና ላይ ነው። ቄስ ቻርልስ ይህን ብራና አላዩትም። ስለዚህ መንገዱ ለእኛም ክፍት ነው።

ክፍላችን ከዚህ ጥናት በኋላ የሚከተለውን ወስኗል። በየሳምንቱ ከመዝሙር ልምምድ በፊት አንድ ሰዓት የኔታ ግዕዝ ያስተምሩናል። ከመጽሐፈ ሄኖክም በሳምንት አንድ ምዕራፍ እናነባለን፤ አማርኛውን በቤታችን፥ ግዕዙን በጉባኤ። 108 ምዕራፍ በሳምንት አንድ ሲነበብ በሁለት ዓመትና በአራት ሳምንት ያልቃል። ለፈተና ስንዘጋጅ በአንድ ሌሊት ከምናነበው ጋር ሲተያይ ይህ ከባድ ሸክም ነውን? እስካሁን የደረስነው ምዕራፍ 7 ላይ ነው። ሁለት ሳምንት አቋርጠናል፤ ከአሥራ ዘጠኝ የጀመርን አሁን የቀረነው አሥራ አንድ ነን። ይህን የምንጽፈው ልንመካ ሳይሆን የቀሩት እንዲመለሱ፥ አዳዲሶችም እንዲጨመሩ ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ እናስታውስ። ትንቢተ ኢሳይያስን በሠረገላው ላይ ያነብብ ነበር። ፊልጶስ ታስተውለዋለህን ብሎ በጠየቀው ጊዜ የሚያስረዳው ሰው እንደሚያስፈልገው ሳያፍር ተናገረ፤ ፊልጶስንም ወደ ሠረገላው አስወጣው። ማንበቡ ቀድሞ ስለ ነበር መምህር ተላከለት። እኛም መጽሐፉን እንግለጥ፤ መምህራኑ ዛሬም አሉ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ለጠየቀን ታናሽ ወንድማችን መልሱን ነግረነዋል፤ ምዕራፍ 1 ቁጥር 9። አሁን እርሱ ከአሥራ አንዱ አንዱ ሆኖ የግዕዙን ንባብ ከእኛ ቀድሞ ያነሣል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1ኛ. ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ሙሉውን ያነበባችሁት ስንቱን ነው? ያላነበባችሁትን በስም ጻፉ።

2ኛ. ከእኛ እምነት ውጭ ያለ ሊቅ የጻፈውን ስናነብ ምን እንቀበላለን? ምንስ እንለያለን? ከቄስ ቻርልስ ሥራ ምሳሌ ስጡ።

3ኛ. «ወልደ እጓለ እመሕያው» የሚለውን በግዕዙ ወንጌል ፈልጋችሁ ሦስት ቦታ አውጡ፤ ትርጓሜውንም ከመምህራን ጠይቁ።

4ኛ. በአጥቢያችን ያሉ የብራና መጻሕፍት እነማን እንደሆኑ ከአባቶች ጠይቃችሁ ለጉባኤው አቅርቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።